ትንሽ ማሠራጫ፣ ትልቅ ኃላፊነት

(ለአካባቢ ልማት ኮሚቴ አባላትና ለወጣት በጎ ፈቃደኞች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)



ከእናንተ መካከል በኤሌክትሮኒክስ ሙያ የሠለጠኑ ወጣቶች «አነስተኛ የኤፍ ኤም ማሠራጫ በእጃችን ሠርተን አካባቢያችንን ብናገለግልበትስ?» የሚል ጥያቄ አቅርበዋል። ጥያቄው የሚመሰገን ነው። ስለ ወረርሽኝ፣ ስለ ዘር ወቅት ወይም ስለ ውኃ ነጥብ ጥገና የሚነገር መልእክት፣ ሕዝቡ በሚያውቀው ድምፅና አነጋገር ሲደርሰው ይበልጥ ይደመጣል። ይሁን እንጂ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ መሣሪያውን መሥራት መሆኑን አስቀድሜ ልገልጽ እወዳለሁ።

በህንድ ሀገር፣ በቢሃር ክፍለ ግዛት፣ ማንሱርፑር በምትባል መንደር ራግሃቭ ማህቶ የተባለ ወጣት የሬዲዮ ጠጋኝ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በርካሽ ዋጋ በሠራው ማሠራጫ ጎረቤቶቹን ያገለግል ነበር። አንቴናውን በቀርከሃ አስሮ በአንድ ሆስፒታል ጣሪያ ላይ አቆመው። ከሙዚቃው ጋር ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ፖሊዮ መልእክት ያስተላልፍ፣ የጠፉ ልጆችንም ያፈላልግ ነበር። ሕዝቡም ወደደው። ነገር ግን ፈቃድ ስላልነበረው ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ2006 ተዘጋ። በዚያው ዓመት የህንድ መንግሥት የማኅበረሰብ ሬዲዮን በር ለሲቪክ ማኅበራት ከፈተ፤ በሩ የተከፈተው ግን ለድርጅቶች እንጂ ለግለሰቦች አልነበረም። ከዚህ የምንማረው፣ በጎ ዓላማ ፈቃድን እንደማይተካ፣ አገልግሎቱም ከአንድ ሰው ትከሻ ወርዶ በተቋም ላይ መቆም እንዳለበት ነው።

ወደ መሣሪያው ስንመለስ፣ ማሠራጫ ሞገድ አመንጪ፣ ማጉያ፣ ማጣሪያና አንቴና የተባሉ አራት ዋና ክፍሎች አሉት። በጥምጥም ሽቦና በካፓሲተር ብቻ የሚሠራ ሞገድ አመንጪ ሙቀት በተለወጠ ቁጥር ከቦታው ይንሸራተታል፤ አድማጭም ጣቢያውን ሲፈልግ ይውላል። ስለዚህ በክሪስታል የሚጠበቅ ሞገድ አመንጪ ያስፈልጋል።

ማጣሪያውን ብዙዎች ወጪ ለመቆጠብ ይተዉታል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። የኤፍ ኤም ሥርጭት ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ይዘልቃል። ከ108 እስከ 137 ያለው ደግሞ ለአውሮፕላን አቅጣጫ መምሪያና ለአብራሪዎች መነጋገሪያ የተመደበ ነው። በሚገባ ካልተስተካከለ ማሠራጫ የሚያመልጥ ሞገድ ከዚያ ገብቶ የአብራሪውን ጆሮ ሊያውክ ይችላል። በ95 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ማሠራጫም ማጣሪያ ከሌለው በ190 እና በ285 ላይ ጭምር ይሰማል። እኛ የማናየው ሰው ሕይወት በእኛ ጥንቃቄ ላይ ሊመሠረት እንደሚችል አንርሳ።

አንቴናን በተመለከተ፣ በ100 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር ስለሆነ፣ እያንዳንዳቸው 71 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆኑ ሁለት ክንዶች ይበቃሉ። ከኃይል ይልቅ ከፍታ ይጠቅማል፤ ጋራ ካልከለለው፣ በ9 ሜትር ከፍታ ላይ የቆመ አንቴና አድማሱ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በ36 ሜትር ላይ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ምሰሶው ከኤሌክትሪክ መስመር ይራቅ፤ የመብረቅ መከላከያም ይኑረው። ማሠራጫውን ያለ አንቴና ማብራት የመጨረሻውን ትራንዚስተር ሊያቃጥል ይችላል። በልምምድ ጊዜም በአንቴናው ፈንታ ኃይሉን ወደ ሙቀት የሚለውጥ የ50 ኦም መሞከሪያ ይገጠም።

በሀገራችን የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የማኅበረሰብ ብሮድካስት አገልግሎትን ያውቃል፤ ፈቃዱንም የሚሰጠው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው። ፈቃድ ሳይገኝ አንድም ቃል ወደ አየር ሊለቀቅ አይገባም።

እስከዚያው ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። ዝግጅቶቻችሁን በስልክ ቅረጹ፤ በሚሞሪ ካርድ ወደየመንደሩ ላኩ፤ እናቶች ቡና በሚጠጡበት፣ ገበሬዎች በሚሰበሰቡበት ቦታ አሰሙ። ከዚያም ምን እንደተረዱ፣ ምን እንደጎደለ ጠይቁ። ሕዝቡ «የሚቀጥለው መቼ ነው?» ብሎ ሲጠይቃችሁ፣ ለፈቃድ ማመልከቻችሁ የሚሆን እውነተኛ ምስክር አገኛችሁ ማለት ነው። ማሠራጫው ያን ጊዜ ይደርሳል።