ሌሊት የሚጠብቁ ዲያቆናት



በአገራችን ዲያቆን ሲባል በሰሚው ዐይነ ልቡና ፈጥኖ የሚታየው መስቀልና ጧፍ ይዞ ከካህኑ ጎን የሚቆም፣ ምእመናኑን ለጸሎት የሚያስነሣ፣ ብዙውን ጊዜም ገና ጢሙን በቅጡ ያላበቀለ የመቅደስ አገልጋይ ነው። እኔ ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ ነገራቸውን ላነሣው የወደድሁት ዲያቆናት ግን በጧፍ ፈንታ ጠመንጃ ይዘው፣ በቤተ መቅደስ ፈንታ የጎረቤታቸውን በረንዳ ሲጠብቁ ያደሩ፣ ቀን በወረቀት ፋብሪካ ሲደክሙ ውለው ሌሊት ሮንድ የሚወጡ፣ የልጆች አባቶች የሆኑ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ማኅበራቸው «የመከላከያና የፍትሕ ዲያቆናት» ይባል ነበር፤ የተመሠረተውም እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1964 መገባደጃ፣ ሉዊዚያና በሚባለው የደቡብ ክፍለ ሀገር በምትገኝ ጆንስቦሮ በተሰኘች ትንሽ ከተማ ነው።

ስሙ እንዴት እንደ ወጣ የሚተርኩት በልዩ ልዩ መንገድ ነው። እኔ ግን ስሙን በሰማሁ ቁጥር ወደ ልቡናዬ የሚመጣው የሐዋርያት ሥራ ስድስተኛው ምዕራፍ ነው፤ በዚያ እንደ ተጻፈው፣ ሰባቱ ዲያቆናት የተመረጡት በየዕለቱ ከሚታደለው ምግብ ድርሻቸው የተዘነጋ መበለቶች ስለ ነበሩ ነው። እንግዲህ ዲቁና ከመጀመሪያው ለተዘነጋው የሚቆም አገልግሎት ነበር ማለት ነው። በጆንስቦሮ የተዘነጋው የምግብ ድርሻ አይደለም፤ የሕግ ጥበቃ ነው።

ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የዘር መድልዎን የከለከለውን የሲቪል መብቶች ሕግ በጁላይ 2 ቀን 1964 በፊርማቸው አጽድቀዋል። በዚያው ዓመት ሃምሳ የሚያህሉ መኪናዎች የነጮች የበላይነት አቀንቃኝ የሆነውን የኩ ክሉክስ ክላንን ሰዎች ጭነው ሕዝቡን ለማስፈራራት በጆንስቦሮ የጥቁሮች ሰፈር በሌሊት ሲያልፉ፣ ከፊት ሆኖ መንገዱን የመራቸው የፖሊስ መኪና ነበር። ሰው ወንበዴ ሲመጣበት «የመንግሥት ያለህ!» ብሎ ይጮኻል፤ የመንግሥት ሰው ራሱ ወንበዴውን እየመራ ሲመጣ ግን ወደ ማን ይጮኻል? ጥያቄው ለእነዚያ አባወራዎች የመጽሐፍ ጥያቄ አልነበረም፤ በዚያው ሌሊት በየደጃፋቸው የቆመ ነበርና።

ኧርነስት ቶማስና ፐርሲ ሊ ብራድፎርድ፣ የትምህርት ቤት የስፖርት አሠልጣኝ የነበረው ፍሬድሪክ ዳግላስ ኪርክፓትሪክም ከሌሎች ጋር ሆነው መጀመሪያ የጠበቁት የራሳቸውን ቤት አይደለም፤ ከሩቅ መጥተው ሕዝቡን ለመራጭነት ያስመዘግቡ የነበሩትን፣ «የዘር እኩልነት ኮንግረስ» የተባለው ድርጅት የላካቸውን፣ መሣሪያ ላለመያዝ የማሉትን ነጮችና ጥቁሮች ወጣቶች ነው። ከዲያቆናቱ ብዙዎቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወይም የእኛም የቃኘው ሻለቃ በተሰለፈበት በኮሪያ ዘመቻ ጊዜ የአገራቸውን መለዮ የለበሱ ስለ ነበሩ፣ ዘብ መቆምን አዲስ የሚያስተምራቸው አላሻቸውም። የክፍለ ሀገሩ ሕግም ጠመንጃን በግልጥ መያዝን አልከለከለም። ቁጡውንና ግልፍተኛውን ሰው ወደ ማኅበሩ አያስገቡም ነበር፤ ይህን በተለይ ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ፤ የታጠቀ ማኅበር ባሕርይ የሚታወቀው ከሚያስገባው ይልቅ በሚመልሰው ሰው ነውና።

በማርች 1965 የጆንስቦሮ ጥቁር ተማሪዎች በትምህርት ቤታቸው ደጃፍ ተሰልፈው መብታቸውን ሲጠይቁ፣ ፖሊሶቹ የእሳት አደጋ መኪና አስመጥተው የውኃውን ቧንቧ ወደ ልጆቹ አዞሩ። ከሁለት ዓመት በፊት በበርሚንግሃም የዚህን ውኃ ኃይል ዓለም በፎቶግራፍ አይቶታል፤ ሰውን ከመሬት አንሥቶ ከግንብ ጋር ያላትም ነበር። በዚህ ጊዜ አንዲት መኪና መጥታ ቆመች፤ አራት ዲያቆናት ወረዱና ፖሊሶቹ እያዩና እየሰሙ ጠመንጃቸውን አጎረሱ። የእሳት አደጋው መኪና ተመለሰ፤ ከልጆቹ አንድም አልረጠበም።

የክራውን ዜለርባክ የወረቀት ፋብሪካ ባለባት፣ ክላንም እጅግ በበረታባት በሌላይቱ የሉዊዚያና ከተማ በቦጋሉሳ የሆነውን ግን ቀስ ብዬ ልናገር። በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1965 ሌሊት፣ የፋብሪካው ሠራተኛና የሠራተኞች ማኅበር መሪ በሆኑት በአቶ ሮበርት ሂክስ ቤት ሁለት ነጭ የሲቪል መብት ሠራተኞች በእንግድነት አርፈዋል። የከተማው የፖሊስ አዛዥ መጥቶ፣ ነጮች ተሰብስበው ሊመጡ ነውና እንግዶቹ ይውጡ አለ፤ ጥበቃ ይደረግላቸው ቢባል እንደማያደርግ ተናገረ። አቶ ሂክስ እንግዶቻቸውን አሳልፈው አልሰጡም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ቫሌሪያ ልጆቻቸውን ወደ ጎረቤት አሸሹ፤ ስልክም ተደወለ። ጥቂት ቆይቶ ጎረቤቱ፣ ወዳጁ፣ የሥራ ባልደረባው የአደን ጠመንጃውን እየያዘ መጣ፤ ግቢው በሰው ተሞላ። ይመጣል የተባለውም ሕዝብ ሳይመጣ ነጋ። በዚያው ወር ውስጥ የጆንስቦሮ ዲያቆናት መጥተው የቦጋሉሳ ቅርንጫፍ ተቋቋመ፤ አለቃውም የቀድሞ ወታደር ቻርልስ ሲምስ ሆነ። በመኪና እየተዘዋወሩ በሬዲዮ ይነጋገሩ ነበር፤ የሂክስም ቤት እንደ መምሪያ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ፣ ከሰባቱ ዲያቆናት የመጀመሪያው ቀዳሜ ሰማዕት እስጢፋኖስ አይደለምን? እርሱስ ለሚወግሩት እየጸለየ ሞተ እንጂ ድንጋይ መልሶ ወረወረን? ቢለኝ፣ ጥያቄው ጽኑዕ ነው፤ ብዙ ጊዜም አስቤበታለሁ። እስጢፋኖስ የሰጠው የራሱን ነፍስ ነው። ሰማዕትነት ሰው በገዛ ሥጋው የሚያቀርበው መሥዋዕት እንደ መሆኑ፣ በጎረቤት ያደሩትን የሂክስን ልጆች ለዚያ መሥዋዕት ማቅረብ የማንም ሥልጣን አልነበረም። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግም ቢሆኑ፣ በ1956 በሞንትጎመሪ ቤታቸው በቦምብ ሲመታ ሚስታቸውና ሕፃን ልጃቸው በውስጡ ነበሩና መሣሪያ ለመያዝ ፈቃድ ጠይቀው ተከልክለዋል። ከዚያ በኋላ በቤታቸው የነበረውን ሽጉጥ አስወግደው በሰላማዊ ትግል ቢጸኑም፣ በ1959 በሰሜን ካሮላይና ሕዝቡን አስታጥቆ ክላንን ከመለሰው ከሮበርት ዊልያምስ ጋር በጽሑፍ ሲከራከሩ፣ ራስን መከላከል በየትኛውም ኅብረተሰብ ዘንድ ያልተወገዘ መሆኑን አልካዱም። የነቀፉት የታጠቀ ኃይል የትግሉ መንገድ እንዲሆን ማሰብን ነው። በ1966 የሲቪል መብት ታጋዩ ጄምስ ሜሬዲት በሚሲሲፒ በጥይት ከቆሰለ በኋላ እርሱ የጀመረውን ጉዞ ኪንግ ከሌሎች ጋር ሲቀጥሉ፣ የሰልፈኛውን ዳርና ዳር ከሚጠብቁት መካከል ዲያቆናቱ ነበሩ።

ጠመንጃ ግን ሁልጊዜ በዝምታ አይቀርም። በጁላይ 8 ቀን 1965 በቦጋሉሳ በተደረገ ሰልፍ አንዲት የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጃገረድ በተወረወረ ነገር ራሷን ተመታች። ወደ ዲያቆናቱ መኪና ሊያስገቧት ሲሉ ሕዝቡ ከበበ፤ ከዲያቆናቱ አንዱ ሄንሪ ኦስቲን ተኩሶ ከአጥቂዎቹ አንዱን ነጭ አቆሰለ። ሰውዬው ከሞት ተርፏል፤ በመትረፉም ደስ ይለኛል፤ ይህንንም የምለው ከልቤ ነው። ከዚህ አንድ ወር ቀደም ብሎ በዚያው አውራጃ ጥቁሩ የሕግ አስከባሪ ኦኒል ሙር የመንግሥት መለዮ ለብሶ ሳለ በጥይት ተገድሎ፣ በደሙ እስከ ዛሬ የተፈረደበት ሰው እንደሌለም እየከበደኝ እጨምራለሁ።

በዚያው በጁላይ የፌዴራል ዳኛው ኸርበርት ክሪስተንቤሪ የቦጋሉሳ ፖሊስ ሰልፈኞቹን እንዲጠብቅ አዘዙ፤ በዲሴምበርም ፍርድ ቤቱ በክላን ላይ የእግድ ትእዛዝ ሰጠ። በፊርማ የጸደቀው ሕግ ወደ ቦጋሉሳ መንገድ ለመድረስ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ፈጅቶበታል፤ እስኪደርስም ድረስ የዚያን ሕዝብ ሌሊት የጠበቁት ዲያቆናቱ ናቸው። ሕጉ ከደረሰ በኋላ ማኅበሩ እየሳሳ ሄዶ በ1968 ገደማ ሥራው ቆመ።

አቶ ሮበርት ሂክስ በ2010 ዐርፈዋል። ቤታቸው የቆመበት መንገድ ዛሬ በስማቸው ይጠራል፤ ቤቱም በ2015 በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል።