ጣቢያው ለማን ተሠራ?

(ዲላ ላይ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ዲላ የምትገኘው ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ነው፤ የባቡር ሐዲድ አልደረሰባትም። እዚህ ስለ ባቡር ጣቢያ መናገሬ ያስገርም ይሆናል። ዳሩ ግን ሌላው ከከፈለው ዋጋ መማር አስተዋይነት ነው።

የቀድሞው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ከተማዋ በጣቢያው ዙሪያ ተቆረቆረች። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር ግን የድሬዳዋን ጣቢያ ከከተማዋ ውጭ፥ የአዲስ አበባውንም ለቡ ላይ ከከተማው ጫፍ አቆመ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በደቡብ በኩል ቃሊቲ ላይ ስለሚያበቃ ሁለቱ አይገናኙም። አዳራሹ ሰፊ፥ ፊቱም ያማረ ነው፤ መንገደኛው ግን ሻንጣውን ተሸክሞ ታክሲ ይፈልጋል። ከገንዘቡ ጥቂቱ እንኳ ወደ ጣቢያው ለሚያደርሰው መንገድ ቢውል በተሻለ ነበር።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለሚሳናቸው የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዝዞ ነበር። አሳንሰር መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ ተዳፋት መወጣጫ ግን መብራት አይጠይቅም፥ ወጪውም አነስተኛ ነው።

ጌዴኦ ተራራማ አገር ነው። ከቡሌ፥ ከወናጎና ከይርጋጨፌ ወደ ዲላ መናኸሪያ ከሚመጡት መካከል ነፍሰ ጡሮች፥ አረጋውያንና ሸክም ያለባቸው ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ መናኸሪያም ሆነ ጣቢያ ስንነድፍ፥ ለፊት ለፊቱ ጌጥ ገንዘብ ከመመደባችን በፊት ከበሩ እስከ መሳፈሪያው ያለውን መንገድ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ሄደን እንድናየው አሳስባለሁ።