ስለ ቤተ ክርስቲያን ዐጸድ የተደረገ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በበዓል ቀን ስለ ቤተ ክርስቲያን ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚመሰገነው ሕንፃው ነው። ጕልላቱ፣ ሥዕሉና መጋረጃው ይወደሳል፤ ዐጸዱ ግን እንደ መተላለፊያ መንገድ ይቈጠራል እንጂ ስሙን የሚያነሣው ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ቤተ ክርስቲያን ማለት ግድግዳውና ጣራው ብቻ አይደለም፤ ከውጭው ቅጽር አንሥቶ እስከ መቅደሱ ድረስ ያለው ሁሉ አንድ ቤት ነው። የዚህም ንግግር አሳብ ይኸው ነው።

አስቀድሞ መሠረቱን መመልከት ይገባል። ንጉሥ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ባስመረቀ ጊዜ የናሱ መሠዊያ መሥዋዕቱን ሁሉ ለመያዝ ስለ ጠበበ፣ በቤቱ ፊት የነበረውን የአደባባዩን መካከል እንደ ቀደሰ በመጽሐፈ ነገሥት ተጽፎ ይገኛል። በኢትዮጵያም ሥርዐት ሕንፃው ቅኔ ማሕሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ በሦስት እንደ ተከፈለ፣ ዐጸዱም እንዲሁ ስምና ሥራ ያላቸው ክፍሎች አሉት። የሰላም ደጅ ማለት የሆነ ደጀ ሰላም አለው፤ የመሥዋዕቱ ኅብስት የሚዘጋጅባት ቤተ ልሔም አለችው፤ የእግዚአብሔር ቃል የሚሰበክበት ዐውደ ምሕረት አለው። መምህሩም በዛፍ ጥላ ወንበር ዘርግቶ ፊደልና ዳዊት፣ ዜማና ቅኔ ሲያስተምርበት ኖሯል።

ከዚህም በላይ ዐጸዱ ወደ ውስጥ ያልገባው ሰው ቤት ነው። ወንድ ወልዳ 40፣ ሴት ወልዳ 80 ቀን ያልሞላት እናት፣ ቅዳሴው ከተጀመረ በኋላ የደረሰ መንገደኛ፣ ኀዘን ወይም ጸጸት ልቡን የከበደው ሰው፣ እነዚህ ሁሉ ከዛፍ ሥር ወይም ከቅጽሩ ተጠግተው ይጸልያሉ። ከግድግዳው ውጭ ቆሙ እንጂ ከጸሎቱ ውጭ አልቆሙም። ዐጸድ የሌለው ቤተ ክርስቲያን ቢኖር እነዚህ ወዴት ይሄዱ ነበር?

የዓመቱም በዓላት ይህንኑ ይመሰክራሉ። በሆሳዕና ዕለት ካህናቱ ዘንባባ ይዘው ቤተ ክርስቲያኑን ሲዞሩ በየማዕዘኑ ወንጌል ይነበባል። በስቅለት ሕዝቡ በዐጸዱ ሲሰግድ ይውላል። በንግሥ ቀን ታቦቱ ወጥቶ ሕዝቡ በእልልታ ሲከተለው ሦስት ጊዜ ይዞራል። ይህ ሁሉ ጣራ በሌለበት ስፍራ የሚፈጸም ቅዱስ አገልግሎት ነው።

ለምንጃርና ሸንኮራ ሰውማ ሩቅ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልገውም። በጥምቀት በዓል በኢራንቡቲ በልማድ 44 ተብለው የሚቈጠሩ ታቦታት ከየአጥቢያቸው ወርደው በአንድነት ያድራሉ። ያን ሁሉ ሕዝብ ሊይዝ የሚችል ሕንፃ ከቶ ማን ሊሠራ ይችላል? ሜዳው ግን ይይዘዋል። በእያንዳንዱም አጥቢያ ዐጸድ የሚሆነው እንዲሁ ነው። ከቅዳሴ በኋላ የሰንበቴው ዝክር በዚያ ይቀመሳል፤ ነዳያን በዚያ ይበላሉ፤ ሽማግሎች የተጣሉትን በዚያ ያስታርቃሉ፤ የሞተውም በዚያ በአባቶቹ አጠገብ ያርፋል።

በአረርቲ ግን ይህ ነገር ከኀዘን ጋር የተያያዘ ሆኗል። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በእመቤታችን በዓል ማለዳ፣ በመሠራት ላይ በነበረችው በአረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ለሕንፃው ሥራ የቆመው የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 36 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ቈሰሉ። እነርሱ በፍቅር ወደ እመቤታቸው ደጅ የመጡ ነበሩ፤ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ ዕቅፍ ያሳርፍ። ይህ እዚህ መነሣቱ ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ለሚመጣው ዘመን ምክር እንዲሆን ነው እንጂ። ሕንፃ በሚሠራበት ዘመን የሠራተኛው ስፍራና የጸሎተኛው ስፍራ በአጥር ሊለይ ይገባል። ሕንፃው እስኪፈጸም ድረስ ሕዝቡን የሚሰበስበው ዐጸዱ ይሁን፤ እርሱም ቅዱስ ነውና በውጭ ቆሞ የጸለየ ሰው ከበረከቱ የሚጐድልበት የለም።

ዐጸዱ ሕዝቡን እንዲሰበስብ ግን ስፋትና ጥላ ያስፈልገዋል። አባቶች በቅጽሩ ውስጥ ያለውን ዛፍ ምሳር ሳያነሡበት ስለ ጠበቁት፣ በዙሪያው ያለው አገር ሁሉ ሲመነጠር የወይራው፣ የጥዱና የዝግባው ዘር በቤተ ክርስቲያን ተጠልሎ ቀረ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ1999 ዓ.ም. ባቀረቡት የጥናት ጽሑፍ፣ በደቡብ ጎንደር ባሉ 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች 168 ዐይነት ዛፍ፣ ቍጥቋጦና ሐረግ እንደ ተገኘ አስረድተዋል። ከብት እየገባ ችግኙን ቢበላው ግን አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ የሚተካው አይኖርም። ስለዚህ እርሳቸውና አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ላውማን ከካህናቱና ከገበሬው ጋር ተባብረው፣ በአንዳንድ አድባራት ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲካብ አደረጉ። ድንጋዩም ከእርሻው የተለቀመ ስለ ሆነ ለደኑም ለእርሻውም ጠቀመ።

ዛሬ ዐጸዱን የሚያጠብበው ከብት ብቻ አይደለም። በየቦታው በሲሚንቶ የሚታነጸው መቃብር፣ ያለ አሳብ የሚጨመረው ቤት፣ ቶሎ ለገንዘብ ይደርሳል ተብሎ በአገር በቀሉ ዛፍ ምትክ የሚተከለው ባሕር ዛፍ፣ እነዚህ ሁሉ ቀስ በቀስ የሕዝቡን መቆሚያ ይወስዱታል። ሕንፃ ቢፈርስ በገንዘብና በጕልበት ይሠራል፤ የመቶ ዓመት ወይራ ግን በገንዘብ አይገዛም።

ስለዚህ የደብሩ ካህናትና ምእመናን ሊያደርጉት የሚገባው ነገር ከባድ አይደለም። ታቦት የሚዞርበት መንገድና በሮቹ ሁሉ ክፍት ይሁኑ። ለመቃብር የተለየ ስፍራ ይወሰን። እያንዳንዱ ሰንበቴ በክረምት አንድ ወይራ ተክሎ በበጋ ውኃ ያጠጣው። ለሽማግሌና ለነፍሰ ጡር መቀመጫ፣ ለእንግዳም የሚጠጣ ውኃ ይዘጋጅ። በበዓል ቀን ሕዝቡ ሲበዛ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች መግቢያውንና መውጫውን ይጠብቁ።

በዚህ የምስጋና በዓል ያለፉት አባቶች የሚመሰገኑት ስላነጹት ሕንፃ ብቻ አይሁን፤ ሳይነኩት ስለ ተዉትም መሬት ይሁን። የዛሬዎቹም ልጆች በተራቸው አባቶች ሲሆኑ፣ ሰው ሁሉ ያለ ፍርሃት ቆሞ የሚጸልይበትን ሰፊና ጥላ ያለው ዐጸድ ለልጅ ልጆቻቸው እንዲያስረክቡ እግዚአብሔር ይርዳቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።