እጅ የለመደው ሲጠፋ

እሱ፦ እህቴ፣ ዛሬ እጅ ስለለመደው ነገር እናውራ።

እሷ፦ እናውራ ወንድሜ። እዚህ ኩዌት፣ ፈርዋኒያ አንድ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ የምትሠራ ልጅ አይቻለሁ። ኮምፒውተሩ ሌሊቱን ታድሶ አደረ። ጠዋት እጇ እንደ ልማዱ ወደ ጥግ ሄደ፤ የስታርት ምልክት ግን የለም። ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል፣ እሷ ማውሱን ይዛ ትፈልጋለች።

እሱ፦ ዊንዶውስ 11 ነዋ! እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ ምልክቱን ከጥግ ወደ መሃል አመጣው። የ2012ቱ ዊንዶውስ 8 ደግሞ ጭራሽ አጥፍቶት ነበር። ተጠቃሚው ቢጮህ፣ በዓመቱ በ8.1 መለሱት።

እሷ፦ እዚህ ደግሞ ችግሩ ድርብ ነው። ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚጻፍ፣ በዐረብኛ የተጫነ ዊንዶውስ መስኮቱ ይገለበጣል፤ መዝጊያው የኤክስ ምልክት በግራ በኩል ነው። ቤት በእንግሊዝኛ፣ ሥራ ቦታ በዐረብኛ። እጃችን ሁለት ጊዜ ተምሯል። ሦስተኛ ጊዜ ሲያዛውሩበት ያናድዳል።

እሱ፦ ሰው አላዋቂ ሆኖ አይደለም። ልማድ በድካም የተገኘ ሙያ ነው፤ በአንድ ሌሊት ሲነጠቅ የሥራ ሰዓትም፣ በራስ መተማመንም አብሮ ይሄዳል።

እሷ፦ ለጊዜው ሴቲንግስ ውስጥ ፐርሰናላይዜሽን፣ ከዚያ ታስክባር ግቡ፤ አሰላለፉን ከመሃል ወደ ጥግ መመለስ ይቻላል። የምታውቁ ለማያውቁት አሳዩ።

እሱ፦ ለሠሪዎቹም አንድ ቃል አለን፦ አዲሱን አምጡ፤ የለመድነውን ግን ሳትጠይቁን አትውሰዱብን።