የታንከሮቹ ተራ፦ የተከታታይ ግንኙነት ደረጃዎች ንጽጽር



የዛሬውን ጉዳይ ከቅርባችን፣ ከኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች እንጀምር። ውኃ ወደ ላይኛው ፎቅ ካልደረሰ ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣው ነዋሪው ነው። ለልምምድ ያህል 20 ብሎኮችን እናስብ። በየብሎኩ የታንከሩን የውኃ ከፍታ የሚለካ መሣሪያ አለ፤ በፓምፕ ቤቱ ደግሞ ሁሉንም የሚጠይቅ አንድ መቆጣጠሪያ ተቀምጧል። የመስመሩ ርዝመት 800 ሜትር ነው እንበል። በየትኛው ደረጃ እናገናኛቸው?

እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው አርኤስ-232 ሁለት መሣሪያዎችን ብቻ ያነጋግራል። ምልክቱ የሚለካው ከጋራ ግራውንድ አንጻር ስለሆነ፣ የፓምፕ ሞተር ሲነሣ የሚፈጠረው ረብሻ በቀጥታ ያርፍበታል። በተለምዶ የሚታመነውም እስከ 15 ሜትር ገደማ ነው። ለላቦራቶሪ ጠረጴዛ ይበቃል፤ ለሰፈር አይበቃም።

አርኤስ-422 ምልክቱን በተጠማዘዘ ጥንድ ሽቦ መካከል ባለው የቮልቴጅ ልዩነት ያስተላልፋል። ረብሻው ሁለቱንም ሽቦዎች በእኩል መጠን ስለሚነካ ልዩነቱ ብዙም አይዛባም፤ በዝቅተኛ ፍጥነት 1,200 ሜትር ያህል ይደርሳል። ሆኖም በአንድ ጥንድ ላይ አስተላላፊው አንድ፣ ተቀባዮቹም እስከ 10 ናቸው። የእኛ ታንከሮች ግን መልስ መስጠት አለባቸው።

እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው አርኤስ-485 በዚያው ስልት 32 መደበኛ መሣሪያዎች በአንድ ጥንድ ሽቦ ተራ በተራ እንዲናገሩ ያስችላል። ተራውን ማን እንደሚሰጥ ግን አይደነግግም፤ ይህ የፕሮቶኮሉ ድርሻ ነው። በሞድባስ መቆጣጠሪያው ይጠይቃል፣ የተጠራው ብቻ ይመልሳል። በካን ግን ማንም ሳይጠየቅ መናገር ይችላል፤ ሁለት መልእክቶች ቢገጣጠሙ አነስተኛ መለያ ቁጥር ያለው ያልፋል። ለመኪና ድንቅ ነው፤ ነገር ግን በሴኮንድ 1 ሚሊዮን ቢት ሲሠራ ርቀቱ 40 ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ፍጥነትስ? በሴኮንድ 9,600 ቢት አንድ የሞድባስ ጥያቄና መልስ ከነክፍተቱ 25 ሚሊሴኮንድ ያህል ይወስዳል፤ ለ20 ብሎኮች ግማሽ ሴኮንድ ማለት ነው። መሣሪያዎቹ ለመልስ የሚዘጋጁበት ጊዜ ቢታከልበት እንኳ፣ ታንከር በደቂቃዎች እንጂ በሴኮንድ አይጎድልም። ስለዚህ ምርጫዬ አርኤስ-485 ከሞድባስ ጋር ነው።

ምርጫው ብቻውን ግን አያድንም። ሽቦው ከብሎክ ወደ ብሎክ በአንድ መስመር ይሂድ፤ በሁለቱ ጫፎች 120 ኦም ሬዚስተር ይግባ። የብሎኮቹ ግራውንድ ስለሚለያይ በኤሌክትሪክ የተነጠሉ ማገናኛዎች ይመረጡ።

ከሁሉ በላይ ግን ዝምታን አስቡ። አንድ ታንከር መልስ ባይሰጥ መቆጣጠሪያው የመጨረሻውን ንባብ እንደ እውነት ይዞ ይቀጥላል ወይስ ማስጠንቀቂያ ያሰማል? ይህን የትኛውም የሽቦ ደረጃ አይወስንላችሁም። የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ ስሕተቱን በጀሪካን የሚሸከመው ግን ሌላ ሰው ነው።