የሚናገር መጠቅለያ



ድፎ ዳቦን በኮባ፣ ቅቤንም በቅጠል መጠቅለል ለሀገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ቅጠሉ አገልግሎቱን ከፈጸመ በኋላ አፈር ይሆናል። ፌስታል ግን እንደዚያ አይደለም፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ እጅግ ስስ የሆኑትን የማይበሰብሱ ፌስታሎች የከለከለውም፣ በ2017 ዓ.ም. በምክር ቤት የጸደቀው አዋጅ ክልከላውን ያሰፋውም ስለዚሁ ነው። እንግዲህ በምን እንተካው?

ተስፋ ከተጣለባቸው ነገሮች አንዱ ከተፈጥሮ ውጤቶች የሚሠራው፣ የምግብን መበላሸት በቀለም የሚያስታውቀው ስስ መጠቅለያ ነው። የበቆሎ ወይም የካሳቫ ስታርች በውኃ ውስጥ ሲሞቅ ያብጥና ይወፍራል፤ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ጥቂት ግሊሰሪን ይጨመርበታል፤ ከዚያም በስሱ ተዘርግቶ እንዲደርቅ ይደረጋል። ከከርከዴ ወይም ከቀይ ጥቅል ጎመን የወጣው አንቶሳያኒን የተባለው ቀለም ሲገባበት እንደ ሊትመስ ወረቀት ይሆናል፤ ይኸውም በአሲድ ቀይ፣ አሲዱ ሲቀንስ ወይን ጠጅ፣ በአልካሊ ደግሞ ሰማያዊ፣ ከዚያም አረንጓዴ ይመስላል። ሥጋና ዓሣ ሲበላሹ ባክቴሪያዎች ፕሮቲኑን ሰባብረው አሞንያንና አሚኖችን ስለሚያወጡ፣ ተኑ ቀለሙን ይለውጠዋል። ፊደል ያልቆጠረ ገዢ እንኳ ሊያነበው የሚችል ምልክት መሆኑ በእውነት የሚያስመሰግን ነው።

ይሁን እንጂ በዚሁ መጠቅለያ እንጀራ ብንጠቀልልበትስ? እንጀራ ከመነሻው ኮምጣጣ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሸውም ሻጋታ ነው። ስለሆነም እንጀራው ሻግቶ ሳለ ቀለሙ ምንም ሳይለወጥ ሊቆይ ይችላል። ከዚህ የከፋም አለ፤ ሳልሞኔላ ያለበት ሥጋ ሳይሸት፣ አሞንያውም ሳይበዛ ሰውን ሊያሳምም ይችላል። ገዢው ግን ያልተለወጠ ቀለም ሲያይ «ደኅና ነው» ብሎ ለልጆቹ ይዞ ይሄዳል። በእኔ አስተያየት የዚህ ሥራ ትልቁ አደጋ ይህ ነው።

ስታርች ውኃ ወዳድ በመሆኑ እርጥብ ምግብ ሲነካው ይልማል፤ የሚበሰብሰውም በዚሁ ጠባዩ ስለሆነ አንዱን አስቀርቶ ሌላውን ማቆየት ቀላል አይደለም። ውኃን ይበልጥ የሚቋቋመው ፖሊላክቲክ አሲድ ደግሞ ቶሎ እንዲፈርስ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚሞቅ የብስባሽ ማምረቻ ያሻዋል፤ በጓሮ ተጥሎ ለረጅም ጊዜ ሳይፈርስ ይቆያል። («በስባሽ» የሚለው ማስታወቂያ ይህንን አያወሳም።)

ስለዚህ በየቤተ ሙከራችሁ የቀለሙን ለውጥ ከባክቴሪያ ቆጠራ ጋር ጎን ለጎን እንድትመዘግቡ አሳስባለሁ፤ ሥጋው ለብቻው፣ ዓሣው ለብቻው፣ አይቡም ለብቻው ይፈተን። አንቶሳያኒን በብርሃንና በሙቀት ስለሚደበዝዝም፣ ፈተናው በማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ፀሐይ በሚያገኘው የገበያ መደብ ላይ ጭምር መካሄድ ይኖርበታል። ይህ ውጤት ሳይቀርብ «ትኩስ» የሚል ቃል በመጠቅለያው ላይ እንዲታተም ድጋፋችንን መስጠት አይገባንም።