ቢጫዋ ደብተርና መንገደኛው
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ከአገር ወደ አገር የሚጓዝ ሰው ስለሚይዘውና ይዞትም ስለሚሄደው በሽታ ነው። ርእሱ ሰፊ በመሆኑ በሽታዎቹን ሁሉ በየተራ እየጠራሁ ጊዜያችሁን አልወስድም። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ፈርመን ማኅተም የምናሳርፍባትን ያችን ትንሽ ቢጫ ደብተር መነሻ አድርጌ፣ ከእርሷ ጋር የሚዛመዱ ጥቂት ጉዳዮችን ብቻ አነሣለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስሙ ራሱ ያሳስታል። ቢጫ ወባ ወባ አይደለም። የወባ መንሥኤ በደም ውስጥ የሚራባ ጥገኛ ተሐዋሲ ሲሆን፣ የቢጫ ወባ መንሥኤ ግን ቫይረስ ነው። አስተላላፊ ትንኞቻቸውም ይለያያሉ፤ የወባዋ ከምሽት እስከ ንጋት ስትናደፍ፣ የቢጫ ወባዋ በአብዛኛው በጠራራ ቀን ትናደፋለች። ስለዚህ የወባ መከላከያ ኪኒን የዋጠና ማታ ማታ በአጎበር ውስጥ የተኛ መንገደኛ ከሁለቱም የተጠበቀ ቢመስለው፣ ያሳሳተው እኛው የሰጠነው ስም ነው። ለበሽታው ፈዋሽ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ያለን መከላከያ ማክስ ታይለርና ባልደረቦቹ በ1937 ለሕዝብ ያበቁትና እርሱን በ1951 ለኖቤል ሽልማት ያበቃው 17ዲ የተባለው ክትባት ነው።

ይህን የሩቅ አገር በሽታ አድርጎ የሚቆጥር ባልደረባ ቢኖር፣ ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሆነውን ማስታወስ ይገባል። ወረርሽኙ የኦሞን ወንዝ ተከትሎ በተስፋፋበት አካባቢ 100,000 ያህል ሰዎች እንደ ታመሙና 30,000 ያህሉ እንደ ሞቱ ይገመታል። በአፍሪካ ታሪክ በመዝገብ ከተያዙት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ሁሉ የከፋው እርሱ ነው። በጊዜው ጥናት ያደረጉት ባለሙያዎች በየመንደሩ በሽታውን የምታዛምተው ትንኝ የምትራባው በረግረግ ውስጥ ሳይሆን፣ በእንሰትና በጎደሬ ቅጠል ሥር፣ ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ጉድጓድ በሚጠራቀመው የዝናብ ውኃ መሆኑን ደርሰውበታል። ሕዝቡን የሚመግበው ተክል ከደጃፉ ላይ ሆኖ ትንኟን ያሳድግ ነበር ማለት ነው። እንሰቱን ቁረጡ ማለት የማይታሰብ ስለ ሆነ፣ ከክትባት በቀር ሌላ አስተማማኝ መንገድ አልነበረም፤ ዛሬም የለም። በሽታውም ጨርሶ አልተለየንም፤ በ2013 በደቡብ ኦሞ፣ በ2018 በወላይታ፣ በ2020 በጉራጌ ታይቷል።

አሁን ወደ መንገደኛው ልመለስ። በታኅሣሥ 2015 በአንጎላ ዋና ከተማ በሉዋንዳ ወረርሽኝ ተነሣ። አንጎላ ወደ አገሯ የሚገባ ሰው ሁሉ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ እንዲያሳይ የምትጠይቅ አገር ነበረች። ሕጉ በወረቀት ላይ ነበረ ማለት ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ይሠሩ ከነበሩት ቻይናውያን መካከል 11 ሰዎች በ2016 በሽታውን በደማቸው ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በእስያ ምድር በምርመራ የተረጋገጠ ቢጫ ወባ ሲታይ ያ የመጀመሪያው ነበር። በሽታውን ለማዛመት የምትችለው ትንኝ በእስያ በብዛት ስላለች፣ አደጋው የ11 ሰዎች አደጋ ብቻ አልነበረም፤ በዚያ ወራት በደቡብ ቻይና ብርድ ባይሆንና ትንኞቹ ባይቀንሱ ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር ለመገመት አያዳግትም። በዚያው ዓመት የዓለም የክትባት ክምችት ከመመናመኑ የተነሣ፣ በኪንሻሳ ለሚሊዮኖች የተሰጠው የመደበኛው መጠን አንድ አምስተኛ ብቻ ነበር።

ከዚህ የምንረዳው ደብተሯና ክትባቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። በልዩ ልዩ አገሮች ሐሰተኛ ደብተር ሲሸጥ ተይዟል። መርፌውን ሳይወጋ ማኅተሙን ብቻ የገዛ ሰው የፍተሻውን ሹም አሞኝቶ ያልፍ ይሆናል፤ ትንኟን ግን አያሞኝም። በዚህ ነገር ባለጉዳዩን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም፤ ሐሰተኛ ማኅተም የሚያርፈው በአንድ ባለሙያ እጅ ወይም በአንድ ባለሙያ ቸልታ ነውና።

መንገደኛው ብዙ ጊዜ ወደ እኛ የሚመጣው ቲኬቱን ከቆረጠ በኋላ፣ ለበረራው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ማስረጃው ግን የሚጸናው ክትባቱ ከተሰጠ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ይህም ሰውነት መከላከያውን ለመገንባት የሚፈልገው ጊዜ እንጂ የቢሮ ሥርዓት አይደለም። ቀኑን ወደ ኋላ አድርጋችሁ ጻፉልኝ የሚለውን ልመና ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሚለምነው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም፤ ለሥራ ወደ ባሕር ማዶ የምትሄድ ልጅ፣ የታመመ ወንድሙን ሊጠይቅ የሚጣደፍ ሰው ነው። መልሱ ግን አንድ ነው። ወደ ሕንድ የሚሄድ መንገደኛ ደብተሩ ካልጸና እስከ 6 ቀን ተለይቶ ሊቀመጥ ይችላል፤ ስድስት ቀን የበሽታው የመፈልፈያ ጊዜ የመጨረሻ ገደብ ተደርጎ የተያዘ ነው። ይህን አስቀድሞ የነገሩት ሰው በረራውን ያዘዋውራል እንጂ አይጣላም። በሌላ በኩል ከሐምሌ 11 ቀን 2016 ጀምሮ አንድ ክትባት ዕድሜ ልክ እንዲያገለግል በዓለም አቀፍ ደንብ ተወስኗል፤ በቀድሞው የ10 ዓመት ገደብ ምክንያት ሰውን ደግሞ መከተብ ክትባት ማባከን ነው። ደግሞም የማይከተብ ሰው አለ፦ ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን፣ በእንቁላል ብርቱ የሰውነት ቁጣ የሚነሣበት፣ የሰውነቱ መከላከያ እጅግ የደከመ ሰው። ለእነዚህ በሐኪም የተፈረመ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ዕድሜው ከ60 ያለፈው ደግሞ ጥቅሙና ጉዳቱ ተመዝኖለት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የሐጅ ጉዞ ነው። በ1987 ከመካ የተመለሱ ሐጃጆች የማጅራት ገትርን ወደ ብዙ አገሮች ይዘው ገቡ። ከዚያ በኋላ የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት ክትባትን ግዴታ አደረገ። ነገር ግን በ2000 እና በ2001 ደብልዩ 135 የተባለው ሌላው የተሕዋሱ ዓይነት ተነሣ፤ የቀድሞው ክትባት ይህን አይነካም ነበር። ስለዚህ ከ2002 ጀምሮ አራቱን ዓይነቶች የሚከላከለው ክትባት ተጠየቀ። እዚህ ላይ ባልደረቦቼ ልብ እንዲሉት የምፈልገው ነገር አለ። የድሮው ዓይነት ክትባት ተከታቢውን ከሕመም ቢጠብቅም፣ ጀርሙን በጉሮሮው ተሸክሞ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ አያግደውም ነበር፤ በወረርሽኙም ከታመሙት ውስጥ ብዙዎቹ ራሳቸው ያልተጓዙ፣ ተጓዡን በደስታ የተቀበሉ ቤተሰቦች ነበሩ። አገራችን ከሴኔጋል ተነሥቶ እስከ ኢትዮጵያ በሚዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ያለች እንደ መሆኗ፣ ጉዳዩ የሚመለከተን በሁለቱም አቅጣጫ ነው።

ሦስተኛውን ባጭሩ አልፈዋለሁ፤ ዝምታ ነው። በ1970 በጊኒ ኮሌራ ሲገባ የአገሩ መንግሥት አልቀበልም በማለቱ፣ የዓለም የጤና ድርጅት ራሱ ለዓለም ለማስታወቅ ተገደደ። በ1994 በሕንድ በሱራት ከተማ የወረርሽኝ መቅሠፍት ተነሣ በተባለ ጊዜ ደግሞ ብዙ አገሮች በረራ አቆሙ፣ ንግድም ተጎዳ። የመጀመሪያውን ዝምታ የሚወልደው የሁለተኛው ዓይነት ቅጣት ነው። በ2005 የተሻሻለው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ ጉዞንና ንግድን ያለ በቂ ምክንያት ማሰናከል አይገባም የሚለው ለዚህ ነው፤ እንደሚገባው ይከበራል ለማለት ግን አልደፍርም።

በመጨረሻ ከሁሉ ይልቅ በየክሊኒካችን የሚያጋጥመን ሰው አለ፤ ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከእስራኤል ዘመድ ሊጠይቅ የሚመጣው ወገናችን። ተወልዶ ያደገበት አገር ስለ ሆነ ራሱን እንደ እንግዳ አይቆጥርም፤ የጉዞ ምክርም አይጠይቅም። በልጅነቱ በቆላ ያገኘው የወባ መከላከያ ኃይል ግን በዓመታት ውስጥ ይደክማል፤ በውጭ የተወለዱት ልጆቹ ደግሞ ከመነሻውም የላቸውም። አዲስ አበባ ላይ የሚያሰጋ ወባ የለም። ሠርጉ ወይም ተዝካሩ በቆላ ከሆነ፣ ወይም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ወዳለ አገር ከወረደ፣ መከላከያ ኪኒን ከመነሣቱ በፊት ጀምሮ መውሰድ ይኖርበታል። ኪኒኑን የወሰደም ቢሆን ሁሉ አላበቃለትም። በአገራችን ከሚገኙት ሁለት ዋና የወባ ዓይነቶች አንዱ፣ ቫይቫክስ፣ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል። ሰውየው በዚያን ጊዜ በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም ይሆናል፤ የሚያክመውም ሐኪም ጉንፋን ነው ሊለው ይችላል። ስለዚህ ከመመለሱ በፊት የምናገኘው ከሆነ፣ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ትኩሳት ቢይዘው ኢትዮጵያ ቆላ ደርሶ እንደ ነበር ለሐኪሙ እንዲናገር በጽሑፍ ብንሰጠው መልካም ነው። የተደበቀውን ተሐዋሲ የሚያጠፋው ፕሪማኪን ከመታዘዙ በፊት ደግሞ የደም ሴሎቹን ከመፍረስ የሚጠብቀው ኤንዛይም እንዳልጎደለበት ይመርመር።